ሠላሳ አንድ ቦታ

«ድርቁ ችግሩን አቶ ሎምባሞ አኒቶሰው» ብለው ጋሼ ተገኘ ጮክ ብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሼ ተገኘ መነጽር ካወለቁ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «አንቺ ልጅ፣ አባቴ እዚህ መሃል ምን ሊሠሩ ገቡ?»

ሐዳሳ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። እውነትም እንደዚያ ይላል።

«‹አባባሰው› ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «‹አባባ› የሚለውን ሁሉ በሙሉ ስማቸው ቀይረው ብዬ አዘዝኩት።»

«ማንን?»

«ኮምፒውተሩን።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«አሥራ አራት ቦታ ቀይሬያለሁ አለኝ።»

ጋሼ ተገኘ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወረድ አሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የአገሬው አባባል» የነበረው «የአገሬው አቶ ሎምባሞ አኒቶል» ሆኗል። እሱንም ሳይስቁ አነበቡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ የሰው ደብዳቤ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስህተት አይስቁም፤ ያሰምሩበታል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጋጫ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የፊታችን እሑድ ሃምሳ ዓመቷን ታከብራለች። ከመሠረቷት አራት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት የጋሼ ተገኘ አባት፣ የሐዳሳ አያት ብቻ ናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆየ፤ ጆሯቸው ግን ከአጥር ወዲያ የሚወራውን ይለቅማል። ስለዚህ ለበዓሉ በሚታተመው መጽሔት መሃል አራት ገጽ የእሳቸው የሕይወት ታሪክ ይገባል። ታሪኩን ዘመድ አዝማድ በየፊናው በእጁ እየጻፈ ላከ። መተየቡ ሐዳሳ ላይ ወደቀ፤ አባቷ ከደቡብ አፍሪካ የላከው ላፕቶፕ ያለው እሷ ጋ ነዋ።

ችግሩ ጸሐፊው ሁሉ ሰውዬውን በራሱ አፍ መጥራቱ ነበር። የልጅ ልጆቹ «አባባ» ብለዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ወንድም ሎምባሞ» ብለዋል። አንድ የጥንት ጓደኛ ደግሞ «ሎምቤ፣ ሎምቤ» እያለ፣ አብረው ወንዝ ስላሻገሯት አንዲት እምቢተኛ በቅሎ ሦስት አንቀጽ ተርኳል።

«አንባቢው አራት ሰው ይመስለዋል» አሉ ጋሼ ተገኘ። «ሰውዬው አንድ ነው። ስሙም ከላይ እስከ ታች አንድ ይሁን። አቶ ሎምባሞ አኒቶ። አለቀ።»

«እሺ ጋሼ።»

«የእናትሽ ጽሑፍማ ይብሳል። ጭራሽ ስም የለበትም። ‹እሳቸው› አሁንም ‹እሳቸው›። ማናቸው እሳቸው? ስም አስገቢበት። የምታነበው ራሷ ናት፤ በግልጽ ይሰማ።»

በበዓሉ ቀን አራቱን ገጽ በማይክ የምታነበው የሐዳሳ እናት ትርፊት ናት። ኮሚቴው አይደለም የመረጣት። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው «ትርፊት ታንብበው። ሌላ ሰው ካነበበው የእኔ ታሪክ አይመስለኝም» ያሉት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሆሳዕና አንጋጫ እየተመላለሰች መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብላቸው እሷ ነች። ኢሳይያስን ብቻ ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሐዳሳ ላፕቶፑን ታቅፋ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የሳባ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ሳባ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና አግብታ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ጄኔሬተር ይዛ ትኖራለች። የ«አባባሰው»ን ታሪክ ስትሰማ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ወይኔ! ድርቁ ችግሩን አቶ ሎምባሞ አኒቶሰው!» እንባዋን ጠረገች። «ስሚ፣ ‹ፈልገህ ቀይር› የሚባለው ነገር ዕውር ነው። ፊደል እንጂ ሰው አያይም። አንቺ ደግሞ ስሙን ሠላሳ ቦታ በእጅሽ ከጻፍሽው፣ አንዱ ቦታ ላይ መሳሳትሽ አይቀርም። አንድ ቦታ ብቻ ጻፊው።»

«ሌላውስ ቦታ?»

«ሌላው ከእሱ ይቅዳ።»

አሳየቻት። ርእሱ ላይ ባለው ስም ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ጽሑፉ ውስጥ ስሙ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ስሙን በመጻፍ ፈንታ ርእሱን የሚያይ ነገር አስገባች። ለዓይን ስም ነው፤ ሲነኩት ግን ግራጫ ጥላ ያጠላበታል።

«አሁን ርእሱ ላይ ሌላ ስም ሞክሪ። የራስሽን ጻፊ።»

«የእኔን አልጽፍም።»

«ለሙከራ ነው እኮ!»

«ይቅር።»

ሐዳሳ ስሟ ሲጠራ አትወድም። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት ጣቷን ማሳየት ይቀላታል። አምና በሰንበት ትምህርት ጥያቄና መልስ አንደኛ ወጥታ ስሟ በማይክ ሲጠራ፣ ሹልክ ብላ ሽንት ቤት ገብታ ነበር። ሽልማቱን ጓደኛዋ ጣቢታ ተቀበለችላት። ጣቢታ ይህን ወሬ እስከ ዛሬ አልጨረሰችውም።

ስለዚህ ሐዳሳ «ጣቢታ» ብላ ጻፈች። ሳባ ሁሉንም መርጣ ኤፍ ናይን የሚባለውን ቁልፍ ተጫነች። በአንድ ጊዜ ገጹ ሁሉ ተለወጠ። «ጣቢታ በ1967 ዓ.ም. ሁለት በሬ ሸጠው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ቆርቆሮ ገዙ» ይላል።

«በርቺ ጣቢታ!» አለች ሳባ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ርእሱ ላይ ያለውን ስም ጠቅላላ እንዳታጠፊው። ካጠፋሽው ሌሎቹ የሚቀዱበት ያጣሉ። መሃሉ ገብተሽ አዲሱን ጻፊ፤ ከዚያ የድሮውን ከግራና ከቀኝ ቀንሺ።»

ሐዳሳ ያን ቀን እዚያው ተቀምጣ አራቱንም ገጽ አስተካከለች። «አባባ» ወጣ፤ «ሎምቤ» ወጣ። እናቷ የጻፈችው ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ «እሳቸው»ዎችም ወጡ። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። አቶ ሎምባሞ አኒቶ፣ ሠላሳ አንድ ቦታ። አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ዓርብ እናቷ ከጤና ጣቢያ ተመለሰች። ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለችና ወረቀቱን ተቀበለች።

«ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው፣ እማ።»

ትርፊት መርፌ የሚፈሩ ሕፃናትን የሚያባብል ድምፅ አላት። «የቤተ ክርስቲያናችን መሥራችና የብዙዎች መካሪ የሆኑት» ብላ ጀመረች። ቆመች።

«ውሃ ስጪኝ እስቲ፣ ሐዱ።»

ጠጣች። «የብዙዎች መካሪ የሆኑት…» አሁንም ቆመች። ብርጭቆውን አነሳች፤ ባዶ ነበር። ሐዳሳ ሞላችላት። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገና አላለቀም።

«ደባሪ ነው አይደል?» አለች ሐዳሳ።

«ኧረ አይደለም! በጣም ነው የሚያምረው። ጉሮሮዬ ነው።» ትርፊት ወረቀቱን አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። «ለጋሼ ተገኘ ደውለሽ ንገሪልኝ። ባለቤታቸው ብታነበው ይሻላል በያቸው። ድምፄ ተዘግቷል።»

«አባባ ግን አንቺን ነው ያሉት።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ድምፅዋ ግን አልተዘጋም ነበር። ከአፍታ በኋላ ሐዳሳ በማድ ቤቱ በር ስታልፍ፣ እናቷ ጎመን እየቀነጠሰች የራሷን ጽሑፍ በቃሏ ስትለው ሰማቻት። «ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ በሳምንቱ ታመምኩ። … ሌሊቱን ሙሉ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ሐኪም ቤት የወሰዱኝም … ናቸው።» ቃሉ ጥርት ያለ ነው። በየመሃሉ ግን አንድ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ትተዋለች፤ ጉድጓድ ዘሎ እንደሚያልፍ ሰው። ዝምታው የሚመጣው ሐዳሳ ስም ባስገባችበት ቦታ ሁሉ ላይ ነበር።

ሐዳሳ ስልኩን አነሳች። አስቀመጠችው። ነገ እደውላለሁ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሔቱን ለማሳተም ሳባ ጋ ሄደች። መቶ ሃምሳ ቅጂ ነው የታዘዘው። ስለ ውሃውና ስለ ዝምታው ነገረቻት። የሳባ እጅ ማውሱ ላይ ቀረ።

«አያትሽ የአባትሽ አባት ናቸው አይደል?»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ እናትሽ ስማቸውን እንድትጠራ ሠላሳ አንድ ቦታ ደረደርሽላት።»

«ምን ችግር አለው? ስማቸው እኮ ነው።»

ሳባ ማውሱን ለቀቀች። «እናትሽ ‹ሎሚ› ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሐዳሳ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ምንም ትዝ አላላትም። ገበያ ስትልካት «ከዚያች ኮምጣጣ አራት ፍሬ» ነው የምትለው። ሎሽን «የእጅ ቅባት» ነው። ሎተሪ አዟሪው ሲመጣ «ያ የዕድል ልጅ» ትለዋለች። ሐዳሳ ቀልድ ይመስላት ነበር። አንዴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትጠብቃት፣ እናቷ በሽተኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራች አስገብታ አንዱን ሽማግሌ ብቻ «ቁጥር አሥራ ሰባት» ብላዋለች። ካርዱ ላይ የነበረው ስም አሁን ትዝ አላት፤ በ«ሎ» ይጀምር ነበር።

«በእኛ በአንጋጫ ባሊሻ ይባላል» አለች ሳባ። «ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ትሸሸዋለች። ለክብር ነው። አሁን አብዛኛው ሰው ትቶታል።»

«አንቺስ?»

«እኔ? የባሌ አባት ኮርሳሞ ነው የሚባሉት። ‹ኮፒ› ሳልል፣ ‹ኮምፒውተር› ሳልል ምን በልቼ ልደር? ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ደንበኛ መጥቶ ‹ኮፒ አለ?› ሲለኝ ‹ያ ነገር አለ› እለዋለሁ። ሌላ ነገር የምሸጥ መስሏቸው የሸሹ አሉ። በሦስተኛው ሳምንት አማቴ ራሳቸው መጡና ‹ልጄ፣ ሱቅ ከምትዘጊ ስሜን ጥሪው› አሉኝ።»

ሐዳሳ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ጋሼ ተገኘ እኮ የአገሩ ሰው ናቸው። እንዴት አላስታወሱም?»

«ሚስታቸው ከተወችው ስንት ዘመኑ! ደግሞስ ያልተባለ ነገር እንዴት ይሰማል?»

«ለእኔ ብትነግረኝስ?»

«ምን ብላ? ‹ይህን ስም አልጠራም› ለማለትም እኮ መጥራት አለባት።»

ሐዳሳ ስክሪኑን አየች። ሠላሳ አንድ ንጹሕ ስም ተሰልፏል። እናቷ ሐዳሳ ከመወለዷ በፊት ጀምራ በየቀኑ፣ በየገበያው፣ በየካርዱ ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር፣ እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞልታበታለች። ነገ እናቷ ወይ ያን ሁሉ ዓመት አፍርሳ ስማቸውን ፊታቸው ቆማ ትጠራለች፣ ወይ ሽማግሌው የለመኗትን ንባብ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ሁለቱንም ያመጣችው ሐዳሳ ናት።

«መቶ ሃምሳው እንዳለ ይታተም» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ ያዘዙት ነው። ለእማ ብቻ አንድ ሌላ ቅጂ እናውጣላት።»

«ምን ብለን?»

«‹እሳቸው› እንበል።»

ሳባ ከንፈሯን አጣመመች። «ሠላሳ አንድ ጊዜ ‹እሳቸው›? ቆርቆሮውን የገዛው፣ በቅሎዋን ያሻገረው ማን እንደሆነ ይጠፋል። እዚህ ላይ አጎትሽ ልክ ናቸው።»

«‹አባታችን›ስ?»

«‹አባታችን› ብላ ስትጀምር ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎቱን አብሯት ይቀጥላል። ሠላሳ አንድ ጊዜ!» ሳባ ወንበሯን አዞረች። «ራሷ ምን ብላ ነው የምትጠራቸው? ለሰው ስታወራ?»

ሐዳሳ ወዲያው አወቀችው። ባታውቀው በወደደች። እናቷ ከአባቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ ከጎረቤት ጋር ስታወራ፣ ለሚኒባስ ረዳቱ የምትሄድበትን ስትነግር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«‹የሐዳሳ አያት›» አለች ቀስ ብላ።

አንድ ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ገባ፤ ሳባ ሠርታለት ሸኘችው። ሐዳሳ እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስቴፕለር ሽቦ ትደረድር ነበር። ነገ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል። ከሆሳዕና መዘምራን ተጋብዘዋል፤ ጣቢታ ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት ስልኳን ደግና ነው የምትቆመው። ጋሼ ተገኘ ደግሞ ምን ሊሉ ነው? በአባታቸው ታሪክ የራሷን ስም ሠላሳ አንድ ጊዜ የከተተች ልጅ።

«ተነሽልኝ» አለች ሳባን፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ከችኮላዋ የተነሳ ርእሱ ላይ ያለውን ስም ሙሉውን አጠፋችው። ሁሉንም መርጣ ኤፍ ናይንን ስትጫን፣ ሠላሳ አንድ ቦታ ላይ «የሚቀዳበት አልተገኘም» የሚል ደማቅ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ተደረደረ። አያቷ ከገዛ ታሪካቸው ጠፉ።

«ምን ብዬሽ ነበር?» አለች ሳባ ከኋላዋ። «አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ።»

ተመለሰች። ስሙ መጣ። በዚህኛው ጊዜ መሃሉ ገባችና የራሷን ስም ጨምራ ጻፈች፤ «የሐዳሳ አያት»። ከዚያ የቀረውን ከግራና ከቀኝ ቀነሰች፤ አንድ በአንድ። ሁሉንም መረጠች። ዓይኗን ጨፍና ኤፍ ናይንን ተጫነች።

አሁንም አላለቀም። «የአቶ ሎምባሞ አኒቶ ቤት» የነበረው «የየሐዳሳ አያት ቤት» ሆኗል። እንዲህ ያለ ዘጠኝ ቦታ ነበር። ዘጠኙንም እየፈለገች በእጇ አስተካከለች፤ አራቱን ገጽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ፊደሉን ተለቅ አድርጋ አንድ ቅጂ ብቻ አተመች። ሳባ ጠርዙን አስተካክላ በስቴፕለር መታችላት።

ለጋሼ ተገኘ አልደወለችም።

እሑድ ጠዋት ወደ አንጋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠቻት።

«ጋሼን አልነገርኳቸውም። ይሄኛውን አንብቢ። ፊደሉ ትልቅ ነው።»

ትርፊት ገለጠችው። ጣቷ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሄደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ፤ እንደገና ቆመ። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጠች። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ እንኳ ቀና አላለችም። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ሐዳሳ ከፈለችለት።

«ሠላሳ አንድ ቦታ ነው» አለች ሐዳሳ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ዓርብ ዕለት ቆጥሬዋለሁ» አለች እናቷ።

ወረቀቱን ዘርግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አላጠፈችውም። የሐዳሳን አንገትጌ አስተካከለች፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለችው።

«እኔስ እሺ» አለች ቆይታ። «አንቺ ትችዪዋለሽ?»

ሐዳሳ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሐዳሳ እንደ ልማዷ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሩ ጥግ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች። በሩ ክፍት ነው፤ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። አያቷ ከፊት፣ በትራቸውን በሁለት እጅ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሼ ተገኘ ከኋላቸው የታተመውን መጽሔት ገልጠው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

ትርፊት ማይኩን ዝቅ አደረገችው። ውሃ አልጠየቀችም።

«የቤተ ክርስቲያናችን መሥራችና የብዙዎች መካሪ የሆኑት የሐዳሳ አያት» አለች፤ ድምፅዋ ሳይሰበር ቀጠለ።

ጥቂት ራሶች ዞሩ። መዘምራኑ መካከል የጣቢታ አፍ ተከፈተ። የጋሼ ተገኘ ጣት ቆመ። ወረቀቱን አዩ፤ ትርፊትን አዩ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞረው፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ሐዳሳን ፈልገው አገኟት። መነጽራቸውን አወለቁ።

ያኔ ሽማግሌው ከፊት «እህ» አሉ። ኢሳይያስ ሲነበብላቸው ደስ ያላቸው ቦታ ላይ እንደሚሉት። አገጫቸውን ወደ ድምፁ ቀና አደረጉ። ጋሼ ተገኘ አባታቸውን ከኋላ ለትንሽ ጊዜ አዩና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ መጽሔቱን ግን ከደኑት።

«በ1967 ዓ.ም. የሐዳሳ አያት ሁለት በሬ ሸጠው…»

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ሐዳሳ ቦርሳዋን ከጭኗ አነሳችና ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው። ቀና አለች። ሃያ ዘጠኝ ይቀራል።